ነጭ ዝንብ ከተክል የወሰደው የመርዝ ማርከሻ

ቲማቲም የተከለ ገበሬ ማለዳ ማሳውን ሲጎበኝ ቅጠሉን በእጁ ነካ ባደረገ ጊዜ ከቅጠሉ ሥር ነጭ ዐመድ የመሰለ ነገር ብን ብሎ ይነሣል፤ ጥቂት ዞር ዞር ብሎም ተመልሶ እዚያው ያርፋል። ይህ ዐመድ መሰል ነገር ነጭ ዝንብ የሚባለው ተባይ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር እምብዛም አይበልጥም። ይሁን እንጂ በዝዋይና በመቂ ዙሪያ በመስኖ ቲማቲም የሚያለማ፣ በአዋሽ ሸለቆም ጥጥ የሚዘራ ሰው ይህን ትንሽ ፍጥረት የሚፈራውን ያህል ትልልቁን አውሬ አይፈራም።

ገበሬው መድኃኒት ይረጫል፤ ተባዩም ለጥቂት ቀን ይቀንሳል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን እንደ ቀድሞው ሆኖ፣ አንዳንድ ጊዜም ከቀድሞው በዝቶ ይገኛል። ገበሬው ዳግመኛ ይረጫል። ገንዘቡ ያልቃል፤ ተባዩ ግን አያልቅም። እንግዲህ ገበሬው «ይህ ምን ዐይነት ፍጥረት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የተገባ ነው።

ለዚህ ጥያቄ አንድ አስደናቂ መልስ በ2021 ዓ.ም. ከቻይናና ከስዊዘርላንድ ሊቃውንት ዘንድ ተገኝቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መልሱም በአጭሩ ሲነገር፣ ነጭ ዝንብ ተክሉን ያለ ፍርሃት የሚበላው የመርዝ ማርከሻውን ከራሱ ከተክሉ ወገን ስለ ወሰደ ነው የሚል ነው።

የተባዩ ጠባይና ጉዳቱ

ይህ ተባይ በሳይንስ ቤሚስያ ታባሲ ይባላል። በ1889 በግሪክ አገር ጌናዲዮስ የተባለ ሊቅ በትምባሆ ቅጠል ላይ አግኝቶ ስለ ገለጸው ስሙ ከትምባሆ ጋራ ተያይዞ ቀረ። ነገር ግን ምግቡ ትምባሆ ብቻ አይደለም፤ ከ600 በሚበልጡ የተክል ዐይነቶች ላይ ይኖራል። ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ጥጥ፣ ባቄላ፣ ዱባ፣ ካሳቫ ሁሉ ከማዕዱ ውስጥ ናቸው። ከዚህም በላይ በዐይን ሲታይ አንድ መስሎ የሚታየው ነጭ ዝንብ በእውነቱ በመልክ የሚመሳሰሉ፣ በጠባይ ግን የሚለያዩ የብዙ ወገኖች ስብስብ ነው።

እናቲቱ እንቁላሏን ከቅጠሉ ሥር ትጥላለች። የተፈለፈለው ግልገል ጥቂት ከዳኸ በኋላ አንድ ቦታ ይጣበቅና አፉን እንደ መርፌ ሰክቶ የተክሉን ፈሳሽ እየመጠጠ ያድጋል። በሞቃት አገር ከእንቁላል እስከ በራሪ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ይበቃዋል። ስለዚህም በአንድ የቲማቲም ወቅት ውስጥ ብዙ ትውልድ ይተካካል።

ጉዳቱ ሦስት ዐይነት ነው። አንደኛ፣ የተክሉን ፈሳሽ በመምጠጥ ያደክመዋል። ሁለተኛ፣ ማር የመሰለ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ስለሚጥል በቅጠሉ ላይ ጥቀርሻ የመሰለ ሻጋታ ይበቅላል፤ ፍሬው ይቈሽሻል፤ ጥጡም ይጣበቃል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ግን ከ100 የሚበልጡ የተክል ቫይረሶችን ከበሽተኛው ተክል ወደ ጤነኛው ማዛመቱ ነው። ቅጠሉ ወደ ላይ ተጠቅልሎ፣ ዳሩ ቢጫ ሆኖ፣ ቁመቱ ቀርቶ የቆመ የቲማቲም ተክል ባየን ጊዜ በነጭ ዝንብ የመጣ ቫይረስ ይዞታል ብለን እንጠረጥራለን። እንዲህ ያለውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም።

የዚህ ተባይ ክፋት በጎረቤት አገሮች ታይቷል። በኡጋንዳ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በነጭ ዝንብ የሚተላለፈው የካሳቫ ቫይረስ በብርቱ ተነሥቶ በ1990ዎቹ ወደ ኬንያና ወደ ታንዛንያ ተዛመተ፤ ካሳቫ የዕለት እንጀራው የነበረ ሕዝብ ማሳውን እየተወ ለረኃብ ተጋለጠ። በሱዳንም በጥቁር ዓባይና በነጭ ዓባይ መካከል ባለው በታላቁ የጀዚራ እርሻ በ1970ዎቹ መድኃኒት በተደጋጋሚ በተረጨ ቁጥር የተባዩ ጠላቶች የነበሩት ጥቃቅን ነፍሳት አለቁ፤ ነጭ ዝንቡ ግን በዛ። ጥጡ እየተጣበቀ በመፍተያው መኪና ላይ ስላስቸገረ በገበያ ዘንድ ስሙ ጠፋ። መድኃኒት ያለ ዕውቀት ሲረጭ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ተክል ራሱን የሚከላከልበት መንገድ

ተክል ከጠላቱ ሸሽቶ ለማምለጥ እግር የለውም። ስለዚህ ፈጣሪ በሰጠው ጥበብ በቅጠሉ ውስጥ መራራና መርዘኛ ነገሮችን ያዘጋጃል። ከእነዚህም አንዱ ፌኖሊክ ግላይኮሳይድ የሚባለው ወገን ነው፤ ቲማቲምን ጨምሮ በብዙ ተክሎች ውስጥ ይገኛል። ይህን የያዘ ቅጠል የሚበላ ነፍሳት እድገቱ ይቀጭጫል፤ ብዙ ጊዜም ይሞታል።

ይሁን እንጂ በቤቱ መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው ራሱንም መጠበቅ አለበት። ተክልም እንዲሁ መርዙ ራሱን እንዳይጎዳው ማርከሻ አለው። ማርከሻውም አንድ ኤንዛይም ነው። ይህ ኤንዛይም በመርዙ ላይ ማሎኒል የሚባል ትንሽ ቅንጣት ይለጥፍበታል፤ የተለጠፈበትም መርዝ ጉዳት የማያደርስ ይሆናል። በዚህ ዐይነት ተክሉ መርዙንም ማርከሻውንም በአንድ ቤት ይዞ ይኖራል። ነጭ ዝንብ የወሰደው እንግዲህ ይህን ማርከሻ የመሥራት ጥበብ ነው።

ከዘር ሐረግ ውጭ የመጣ ርስት

የሕያው ፍጥረት ሁሉ ባሕርይ በሕዋሱ ውስጥ ተጽፎ የሚገኝ ነው። ጽሕፈቱ ዲ.ኤን.ኤ. ሲባል፣ አንዱን ሥራ የሚያዘው አንቀጽ ጂን ይባላል። ጂን እንደ ርስት ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ጥጃ ከበሬና ከላም ወገን ይወርሳል፤ ጤፍም ከጤፍ ይወርሳል። የታወቀው ሕግ ይህ ነው።

ነገር ግን በአንድ ቤተ ሰብ የርስት መዝገብ ውስጥ ከዘር ሐረጉ ያልሆነ የባዕድ ስም ተጽፎ ቢገኝ ያ ሰው እንዴት እንደ ገባ መመርመሩ አይቀርም። በፍጥረትም እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል። አንድ ጂን ከወላጅ ወደ ልጅ ሳይሆን ከአንዱ ፍጥረት ወደማይዛመደው ሌላ ፍጥረት ወደ ጎን ይተላለፋል። በ1928 ግሪፊት የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ጉዳት የሌለው የሳንባ ምች ባክቴሪያ ከሞተ ገዳይ ባክቴሪያ ጋራ ተደባልቆ ለአይጥ ሲሰጥ ገዳይ መሆኑን አሳየ። ባክቴሪያዎች ጥበብን እንዲህ ከጎረቤት እንደሚቀባበሉ ከዚያ ወዲህ እየታወቀ መጣ።

ቆይቶም ነገሩ በነፍሳት ዘንድ ታየ። በ2010 ናንሲ ሞራንና ታይለር ጃርቪክ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች የአተር ክሽክሽ ቀይ ቀለሙን የሚሠራበትን ጂን ከፈንገስ እንዳገኘ ገለጹ። በ2012ም የቡናን ፍሬ እየበሳ የሚገባው ትንሹ ጥንዚዛ በፍሬው ውስጥ የተከማቸውን ጠንካራ የስኳር ድር የሚፈጭበት ጂን ከባክቴሪያ የመጣ መሆኑ ታወቀ። ቡና ከእኛ አገር የተገኘ ተክል ስለ ሆነ፣ ጥንዚዛውም ከአፍሪካ ወጥቶ ቡና የሚበቅልበትን ዓለም ሁሉ ያዳረሰ ጠላት ስለ ሆነ፣ ይህ ወሬ ለቡና ገበሬ ሩቅ ወሬ አይደለም።

የነጭ ዝንቡ ነገር ግን ከእነዚህ ይለያል። በቤጂንግ የሚገኘው የቻይና የእርሻ ሳይንስ አካዳሚ ባልደረባ ዣንግ ዮውጁንና ጓደኞቻቸው፣ ከእነርሱም ጋራ የስዊዘርላንዱ የኖሻቴል ዩኒቨርሲቲ መምህር ቴድ ተርሊንግስ፣ የነጭ ዝንቡን መዝገብ ሲመረምሩ ከላይ የተነገረውን ማርከሻ የሚያሠራ ጂን አገኙ። ይህን የመሰለ ጂን በሌሎች ነፍሳት መዝገብ ቢፈልጉ አጡት፤ በተክሎች ዘንድ ግን አገኙት። ሴል በተባለው መጽሔት በ2021 ያወጡት ይህ ጥናት፣ አንድ ነፍሳት ከተክል ጂን ወስዶ በራሱ በተክሉ መከላከያ ላይ እንደሚሠራበት በተግባር ያረጋገጠ የመጀመሪያው ነው።

ርክክቡ የተፈጸመው ዛሬ ወይም ትናንት አይደለም፤ ሊቃውንቱ ከ35 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደ ሆነ ይገምታሉ። ጂኑ ያመጣው መንገደኛም ቫይረስ ሳይሆን እንዳልቀረ ይታሰባል። ቫይረስ ከተክሉ ሕዋስ ቁራጭ ይዞ፣ ያን ተክል በሚመጥጠው ነፍሳት ሆድ ገብቶ፣ ከሆዱም አልፎ እንቁላል ወደሚሠራበት ሕዋስ ቢደርስ ጂኑ በልጆቹ መዝገብ ይጻፋል። እንዲህ ያለ አጋጣሚ እጅግ የማይገኝ ነው፤ ነገር ግን ጊዜው ሚሊዮናት ዓመት ሲሆን የማይገኘውም ይገኛል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአበው ብሂል ለዚህም ይስማማል። እንዲያውም በ2022 ክሌማን ዥልቤርና ፍሎርያን ሞሙስ የተባሉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በዚሁ ተባይ መዝገብ ውስጥ ከተክል የመጡ 49 ጂኖች መኖራቸውን፣ እነዚህም ቢያንስ በ24 ልዩ ልዩ ጊዜያት የገቡ መሆናቸውን ገልጸዋል። ሌባ አንድ ጊዜ ከገባበት ቤት ተመልሶ እንደሚገባ ያስመስላል።

ማርከሻው ሲነጠቅ

ይህ ዕውቀት ለመደነቂያ ብቻ ቢሆን ኖሮ በእርሻ ገጽ ላይ ባልተጻፈም ነበር። ጥቅሙ የሚታየው ግን ቀጥሎ ባለው ነው። ነጭ ዝንብ ያለ ማርከሻው ተክሉን ለመብላት የማይችል ከሆነ፣ ማርከሻውን የነጠቀው ሰው ተባዩን ድል ነሥቷል ማለት ነው።

የአነጣጠቁም ስልት በመሥሪያ ቤት ልማድ ሊመሰል ይችላል። በሕዋስ ውስጥ ዋናው መዝገብ ከቦታው አይነሣም፤ ለዕለት ሥራ የሚላከው አር.ኤን.ኤ. የሚባል ግልባጩ ነው። ሕዋሱም ዘበኞች አሉት። ዘበኞቹ ተደርቦ የተጻፈ፣ ድርብ የሆነ ግልባጭ ሲያገኙ የጠላት ጽሑፍ ነው ብለው ይቀዱታል፤ ከእርሱ ጋራ አንድ ቃል ያለውንም ግልባጭ ሁሉ እየፈለጉ ይቀዳሉ። ይህን ሥርዓት አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ የተባሉ አሜሪካውያን በ1998 ስላሳወቁ በ2006 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። እንግዲህ ለነጭ ዝንቡ የማርከሻው ትእዛዝ የተጻፈበት ድርብ ግልባጭ ቢሰጠው፣ የራሱ ዘበኞች የራሱን ትእዛዝ ቀድደው ይጥሉበታል፤ ማርከሻውም ሳይሠራ ይቀራል።

ሊቃውንቱም ይህንኑ አደረጉ። በመጀመሪያ ድርብ ግልባጩን ከምግብ ጋራ ሰጥተው የተክሉን መርዝ ቢያቀርቡለት ነጭ ዝንቡ ቀድሞ የሚችለውን መርዝ መቻል ተሳነው። ቀጥሎም ድርብ ግልባጩን በቅጠሉ ውስጥ ራሱ የሚሠራ የቲማቲም ተክል አበጁ። ከዚህ ቲማቲም የበሉት ነጭ ዝንቦች ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ሞቱ። በዚያው ቲማቲም ላይ የተፈተኑት ሌሎች ነፍሳት ግን ጉዳት አልታየባቸውም፤ የተነጠቀው ነገር ቀድሞም በእነርሱ ዘንድ አልነበረምና። የጀዚራው መርጫ ጠላትና ወዳጅ ሳይለይ ሲገድል፣ ይህ ግን ከሌባው በቀር ማንንም አይነካም። ልዩነቱ ይህ ነው።

ባለሥልጣን ሊያስብበት የሚገባ

ይህ ቲማቲም ለሙከራ የተበጀ እንጂ ለሽያጭ የቀረበ ዘር አልነበረም። ስለዚህ ማንም ነጋዴ «ነጭ ዝንብ የማይነካው አዲስ የቻይና ዘር» ብሎ ቢያመጣ፣ ማስረጃው ሳይታይ ገበሬው ገንዘቡን ማውጣት የለበትም። ስልቱ ግን ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሥራ መጀመሩ እውነት ነው። በታኅሣሥ 2023 የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በድንች ቅጠል በዪ ጥንዚዛ ላይ የሚረጭ፣ በድርብ አር.ኤን.ኤ. የሚሠራ ሌድፕሮና የተባለ መድኃኒት መዝግቧል። ዘላለማዊ መድኃኒት ግን አይደለም፤ ያው ጥንዚዛ ድርብ አር.ኤን.ኤ.ን ሊለማመድ እንደሚችል በ2021 በቤተ ሙከራ ታይቷል።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ዘር የሚገባበት ሕግ አለ። በ2009 የወጣው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 በ2015 በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሽሏል፤ በ2018ም ከባክቴሪያ የተወሰደ ጂን ያለው ጥጥ እንዲዘራ ተፈቅዷል። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። ያ ጥጥ የሚከላከለው እንደ ጓይ ትል ያለውን የጥጥ ፍሬ በዪ ትል ነው፤ ፈሳሽ መጣጩን ነጭ ዝንብ አይነካውም። ትሉ ቆሟል ብሎ ነጭ ዝንቡን የዘነጋ ባለ ጥጥ ሊጎዳ ይችላል። አንዱ ዘር አንዱን ጠላት እንጂ ሁሉን እንደማይከላከል ለገበሬው በግልጽ መንገር የእርሻ ሠራተኛ ግዴታ ነው።

አንዳንድ የከተማ ሰው ደግሞ «ነፍሳቱ ከተክል ጂን ከወሰደ እኛስ ከምንበላው አትክልት እንወስድ ይሆን?» ብሎ ይፈራ ይሆናል። ሰው ከጥንት ጀምሮ ከጤፉ፣ ከገብሱ፣ ከጎመኑ ጂን ሲበላ ኖሯል፤ በሆዱ እንደ ማንኛውም ምግብ ይፈጫል። በነጭ ዝንቡ የሆነው በሚሊዮናት ዓመት መካከል የደረሰ ብርቅ አጋጣሚ ስለ ሆነ የዕለት ምግባችንን የሚያስፈራ አይደለም።

ገበሬው ዛሬ ሊያደርገው የሚገባ

አዲሱ ዕውቀት ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ ገበሬው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደ ተባለ፣ ነጭ ዝንብ የሚሸነፈው ገና ሳይበዛ ነው።

አንደኛ፣ የችግኙ መደብ ቀዳዳው ጠባብ በሆነ መረብ ይሸፈን። ችግኝ ሳለ ቫይረስ የያዘው ቲማቲም ፍሬ አያሳይም፤ ጎልምሶ የያዘው ግን ጥቂትም ቢሆን ይሰጣል።

ሁለተኛ፣ አዲሱ ቲማቲም ባረጀው ቲማቲም ወይም በጥጥ ማሳ አጠገብ አይተከል። ምርቱ የተነሣለት ማሳ ግንዱ ሳይውል ሳያድር ተነቅሎ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ዳር ዳሩን በቆሎ ወይም ማሽላ ቀድሞ ቢዘራ በነፋስ የሚመጣውን ተባይ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ማለዳ የቅጠሉ ሥር እየተገለበጠ ይታይ። ነጭ ዝንብ ቢጫ ቀለም ስለሚስበው፣ ቢጫ የተቀባና ግራሶ የተለቀለቀ ጣውላ በማሳው መካከል ቢቆም መምጣቱን አስቀድሞ ያስታውቃል። የተጠቀለለ ቅጠል ያለው ተክል ሲገኝ ወዲያው ተነቅሎ ይቀበር።

አራተኛ፣ መርጨት ግድ ሲሆን የእርሻ ሠራተኛ ይጠየቅ። አንድ ዐይነት መድኃኒት ደጋግሞ መርጨት ተባዩን ማለማመድ ነው፤ ስለዚህ የአሠራሩ ወገን ይፈራረቅ። ሁለትና ሦስት መድኃኒት በራስ ግምት መቀላቀል ገንዘብም ጤናም ይጎዳል። ርጭቱ ከቅጠሉ በላይ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ይድረስ፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የቀን ገደብም ሳያልፍ ፍሬ አይለቀም።

አምስተኛ፣ የነጭ ዝንብ ግልገል ውስጥ እንቁላላቸውን የሚጥሉ ጥቃቅን ተርቦችና ነጠብጣብ ያላቸው ትንንሽ ጥንዚዛዎች ያለ ደመወዝ የሚሠሩ የገበሬው ዘበኞች ናቸውና ይጠበቁ።

ይህ ሁሉ በአንድ ገበሬ ብቻ ቢደረግ ጥቅሙ ጥቂት ነው። አንዱ ማሳውን ሲያጸዳ ጎረቤቱ በሽተኛውን ቲማቲም አቁሞ ቢተው ነጭ ዝንቡ በአንድ ቀን አጥሩን አልፎ ይመለሳል። በአንድ የመስኖ ቦይ የሚጠጡ ማሳዎች ባለቤቶች በአንድ ሳምንት ተክለው፣ በአንድ ሳምንትም ግንዱን ቢያነሡ ተባዩ ከማሳ ወደ ማሳ የሚሸጋገርበትን ድልድይ ይሰብራሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ እዚህ ግን የሚታሰረው ከአንበሳ የከፋ፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ጠላት ነው።